ልጅ ያቦካው እራት

ያገራችን ሰው የበኵር ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ዕለት፣ ማንም ሳይሾመውና ማንም ሳይለምነው፣ ገድል ጸሓፊ ይሆናል፤ የሚጽፈውም ገድል የሌላ የማንም ጻድቅ ሳይሆን የገዛ ራሱ ነው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ፣ ይልቁንም ልጁ ያላማረ ውጤት ይዞ በገባበት ምሽት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ በአንተ ዕድሜ» በሚል መቅድም ይጀምርና፣ በባዶ እግሩ የተጓዘውን መንገድ፣ በክረምት የተሻገረውን ወንዝ፣ በኩራዝ ያነበበውን መጽሐፍና ከጅብ ጋር የተፋጠጠበትን ሌሊት በየምዕራፉ እየከፈለ፣ ቤተሰቡ እስኪያዛጋ ድረስ ያሰማል። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉ የተከበሩ ሰው፣ በዚህ ድርሰት ከሁሉ የላቁ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ለአቅመ ተግሣጽ በደረሰ ጊዜ ተማሪ ቤታቸው ከመንደራቸው የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቅ ነበረ፤ ለሁለተኛይቱ ልጃቸው ሲተርኩት ሁለት ሰዓት ሞላ፤ ተራው ለመጨረሻው ልጅ በደረሰ ጊዜ ግን ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ የሚደርሱበት ሩቅ አገር ሆኖ፣ በመካከሉም ቀድሞ ያልተሰማ ወንዝ ፈልቆበታል። ባለቤታቸው የዚያው መንደር ተወላጅ ስለ ሆኑ፣ ወንዙ በተጠራ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ጀበናው መልሰው ረከቦቱን ያስተካክላሉ።

ገድሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። አባቶቻችን በእውነት ተጉዘዋል፣ በእውነትም ተርበዋል። ከአሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት እንደ ሄደና እየሮጠ እንደ ተመለሰ፣ ደብተር ይይዝበት የነበረው ግራ ክንዱም በዓለም አደባባይ ሲሮጥ እንኳ እንደ ታጠፈ መቅረቱን ያልሰማ የለም። ዳሩ ግን ኃይሌ በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ ወርቁን ካጠለቀ ወዲህ አንድ ነገር ተበላሸ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ተማሪ ቤት በእርጋታ ይራመዱ የነበሩት አባቶች ሁሉ፣ በትዝታቸው ውስጥ፣ በአንድነት መሮጥ ጀመሩ።

የሚያሳዝነው ግን የአድማጩ ነገር ነው። ገድል የተነበበለት ምእመን ተባርኮ ወደ ቤቱ ይገባ ነበረ፤ የዛሬው ጎረምሳ ግን አንዱን ጆሮውን ለአባቱ አውሶ፣ በሌላው ጆሮው የሰካትን ትንሽ ማዳመጫ በፀጉሩ ሸፍኖ፣ ዐይኑን ከምንጣፉ አበባ ላይ ተክሎ ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉ ትረካ የሚያተርፈውም አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ ለዚህ ቤተሰብ ተመድቦ የነበረውን መከራ አባቱ ብቻውን ስለ ጨረሰው ለእርሱ የተረፈ እንደሌለ ነው።

እንዲህ ብሎ ቢደመድምም አይፈረድበትም፤ ማታ ገድል ያነበበለት አባት ሲነጋ ሌላ ሰው ሆኖ ያገኘዋልና። ቁመቱ የአባቱን ቁመት ያለፈውን ልጅ ቦርሳ አባት ተሸክሞ እስከ ሰርቪሱ በር ድረስ ይሸኛል፤ እናት የምሳ ዕቃውን በመስኮት አቀብላ «ሹራብህን እንዳታወልቅ» ትላለች፤ ሰርቪሱ ተጠምዝዞ ከዐይን ከተሰወረ በኋላ ልጁ ደብተሩን መርሳቱ ይታወቅና፣ ያ ከጅብ ጋር የተፋጠጠው ጀግና ሥራውን ትቶ ደብተሩን ታቅፎ ይከተላል። ሲመሽ ደግሞ የወላጆች ማኅበር በቴሌግራም ይሰየማል። በቀድሞው ዘመን ማኅበር በጻድቃን በሰማዕታት ስም ይጠጣ ነበረ፤ የዛሬው ማኅበር «ዘጠነኛ ሲ» ይባላል፤ ጠላም ዳቦም የለውም፤ ጸሎቱም አንድ ብቻ ነው፤ «የሒሳቡን ሦስተኛ ጥያቄ የሠራችሁ እባካችሁ ላኩልን» የሚል። አንድ የማውቀው የባንክ ሠራተኛ፣ ቁጥር እንጀራው የሆነ ሰው፣ የልጁን የአልጀብራ የቤት ሥራ እስከ እኩለ ሌሊት ተጠብቦ ሠርቶ ከዐሥር ስድስት በተሰጠው ጊዜ፣ ከመምህሩ ጋር ሰላምታ እስከ ማቋረጥ ደርሶ ነበረ። ልጁ በጊዜ ተኝቶ ስላደረ ምንም ቅያሜ አልተሰማውም።

እንግዲህ ነገራችን ይህን ይመስላል፤ በአፋችን ጽናትን እንሰብካለን፤ በእጃችን ግን ጽናት የሚገኝበትን አጋጣሚ ሁሉ ከልጁ እግር ሥር እየለቀምን እንጥላለን። ይህንም የምናደርገው ከፍቅር የተነሣ ነው እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍቅሩ ከፊሉ ለልጁ፣ ከፊሉ ለገዛ ዕረፍታችን ነው፤ ልጅ ሲቸገር ዳር ቆሞ እንደ ማየት ያለ መከራ የለምና፣ ከዚህ መከራ ለማምለጥ ስንል የእርሱን ችግር ቀምተን እንሮጣለን።

ለዚህ ጠባያችን ምስክር የሚሆን ተረትም አላጣንም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ሰው በዚያች ሰዓት እጅግ ርቦት እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ የራበው ሰው ደግሞ ከዛሬ እራት አሻግሮ ማየት አይሆንለትም። ስለ ሊጡ የተናገረው ልክ ነው፤ ስለ ልጁ ግን አንዳች ነገር አልተነፈሰም። ዛሬ ያልበቃው ሊጥ ነገ፣ ከነገ ወዲያስ ይበቃ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ይልቁንም ቡኮውን ከልጁ እጅ ነጥቀን፣ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው «ምንም አያውቅም» ብለን እናማዋለን።

ዘመዴ የሆኑ አንዲት ወይዘሮ ይህን ተረት በገዛ ማድ ቤታቸው ሊፈትኑት ቆርጠው ተነሡ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ወንድ ልጃቸውን ጠርተው «ከእንግዲህ የቅዳሜ እንጀራ ያንተ ነው» ብለው አዋጅ ነገሩት። አያትየው «ወንድ ልጅ ከምጣድ ምን አገናኘው!» ብለው ቢቃወሙም አዋጁ አልተሻረም። ልጁም ሐሙስ ማታ የጤፉን ዱቄት ከእርሾው ጋር አቦካ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከላይ የጠለለውን ውሃ ቀንሶ አብሲቱን ጣለ፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ ሲገባው ግን፣ ኳስ የሚጫወቱ ባልንጀሮቹ ከደጅ ያፏጩለት ስለ ነበረ፣ ቸኮለ። እኔ በዚያ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ስለ ነበር ነገሩን በዐይኔ ለማየት ታደልሁ። የመጀመሪያው እንጀራ ከኤሌክትሪኩ ምጣድ አልላቀቅ ብሎ ግማሹ በሰፌድ ወጣ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። ሁለተኛው በሙሉ ወጣ፤ ዳሩ ግን ዐይን የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረውም። ወይዘሮዋ በበሩ መቃን ላይ ተደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ፊታቸው እንደ መነኩሲት ፊት ጸጥ ያለ ነበረ፤ እኔ ግን ነጠላውን አየሁት፤ ጣቶቻቸው ከሥሩ ሆነው ሊጡን ከዳር ወደ መሐል ያዞሩ፣ ያዞሩ ነበረ። ትዕግሥት ምን እንደሆነች በመጽሐፍ ሳነብ ኖሬ በአካል ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው እንጀራ ምጣድ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ልጁ ምጣዱን አየ፣ አምፑሉን አየ፣ በመጨረሻም እናቱን አየ።

«እማዬ፣ ምን ይሻላል?»

«እኔ ምን ዐውቄ? እንጀራው ያንተ ነው» አሉና በመስኮት በኩል ሰማዩን ይመለከቱ ጀመር።

ጎረምሳው ለጥቂት ጊዜ ዐይኑ ፈጠጠ፤ የተናገረውንም ነገር በዚህ ወግ ላይ ለማስፈር አይመችም። ኋላ ግን የሊጡን ዕቃ ክዳን ገጥሞ አቅፎ ወጣ። የሄደውም ከመንደሩ ማዶ በእንጨት እየጋገሩ ለምግብ ቤት ወደሚያስረክቡት ሴትዮ ዘንድ ኖሯል። እኒያ ሴት ሊጡን በጣታቸው ነክተው ስቀው፣ «ይህ ገና ነው፣ ተቀመጥ» ብለው ከጭሱ አጠገብ አስቀመጡት፤ ምጣዱ መጋሉን እንዴት እንደሚያውቅ፣ በጎመን ዘር እንዴት እንደሚያሰስ፣ እጁንም ሳያቋርጥ እንዴት እንደሚያዞር አሳዩት። ከሰዓት በኋላ ዐይኑ በጭስ ቀልቶ፣ ጃኬቱ ጥቀርሻ ለብሶ፣ አንድ ሰፌድ ሙሉ እንጀራ ይዞ ሲመለስ፣ እናቱ ያን ጊዜም ገና ሰማዩን እንደሚመለከት ሰው ሆነው ጠበቁት። እራት ቀረበ። ወንድ ልጅ ከምጣድ ምን አገናኘው ያሉት አያት ዐይን ካጣው ከሁለተኛው እንጀራ ጀምረው አንድ በአንድ ከጨረሱ በኋላ፣ «ሆድስ መቼ ዐይን አለው!» ብለው ምርቃታቸውን አወረዱ። ልጅ ያቦካው ለእራት በቃ፤ እንዲያውም ለእሑድ ቁርስ ተረፈ፤ የተረፈው ከብዛቱ ይሁን ከጣዕሙ የተነሣ፣ ያን መመርመር እንግድነቴ አልፈቀደልኝም።

ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ ስለ መከራ ከአባቱ ብዙ ጊዜ ሰምቶ ነበረ፤ አንዱም ከውስጡ አልገባም። ያን ቅዳሜ የሆነውን ግን ለማንም ሳይጠየቅ ያወራዋል፤ ደስ የሚለውም ነገር፣ በቅርቡ ሲተርክ እንደ ሰማሁት የሴትዮዋ ቤት ከመንደሩ ማዶ ተነሥቶ ሁለት ሰፈር ያህል ርቋል።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ምሥጢር አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። የቆሎ ተማሪን ነገር ባነሣን ቁጥር የምናወራው ስለ ደበሎውና ስለ አኮፋዳው፣ ከየደጁ ውሻ ጋር ስላደረገው ሙግት፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ስለ ለመነው ቁራሽ ነው፤ በዚህም ምክንያት ብርታትን ያስተማረው ረኃቡ ይመስለናል። ረኃብ ብቻውን ሊቅ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ አገራችን በሊቃውንት በተጨናነቀች ነበር። ወደ ቅኔ ቤት ጠጋ ብሎ ሥርዓቱን ለመረመረ ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ጀማሪው ተማሪ በገባ በማግስቱ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አምጣ አይባልም፤ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምርና፣ በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ፣ ትከሻው ሲጠና ሸክሙም እየከበደ ይሄዳል። ቅኔውን ሲቆጥር ብቻውን ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ማንም በጆሮው አያቀብለውም። ያሰበውን ለየኔታ አቅርቦ የተበላሸበት እንደሆነ ታርሞ ይመለሳል እንጂ እናቱ ተጠርታ በእርሱ ፈንታ አትቆጥርለትም፤ የቀናለት እንደሆነ ደግሞ «ይበል!» ይባላል፤ ያችም አንዲት ቃል ከመቶ ሽልማት ትበልጥበታለች፤ ካልሠራ እንደማይባልለት ያውቃልና። ሲራብ የምታጎርሰው የማያውቃት እናት በየደጁ አለች፤ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው ባልንጀራ በጎጆው አለ። መከራ ብቻውን የሚያፈራው መከረኛን ነው፤ እኒያ ሰዎች ግን ሸክሙን በልክ ሰጥተው፣ ተሸካሚውን ከሩቅ በዐይናቸው ይከተሉት ነበረ።

በየቤታችን ያለችው ጾመ ፍልሰታም የዚሁ ምሳሌ ናት። ነሐሴ በባተ ጊዜ ሕፃናቱ «እኔም እጾማለሁ» ብለው ሲነሡ፣ ብልህ እናት አትከለክልም፤ አታስገድድምም፤ ትዋዋላለች። ዘንድሮ እስከ አራት ሰዓት፣ ለከርሞ እስከ ስድስት፣ ከዚያም ቅዳሴ እስኪወጣ። ከጓዳ ቆሎ ሲሰርቅ የተያዘም እንደሆነ ዐይታ እንዳላየች ታልፈዋለች፤ ጾሙ ነገም አለና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጅ የወደቀ ዕለት ነው። የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ እንደ ነበረ ይታወሳል፤ እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ እየቋጠሩ፣ ልጆቻቸውን ለዘመቻ እንደሚሸኙ ሆነው ሸኟቸው። ውጤቱ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ሰባት ያህሉ በአንድ ቀን በወደቁበት አገር ኀፍረት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር፤ ሰው ሁሉ አብሮ ከወደቀ ቆሞ የሚስቅ ማን ነው? ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ሐዘኑ በእርሱ ላይ ብቻ የወረደ ይመስል በሩን ዘጋ። ስልክ ጮኸ፤ ከዋሽንግተን አክስት ደወለች፤ ከዕድር የመጡት ሴት «ለመሆኑ የእናንተስ ልጅ?» ብለው በአዘኔታ መልክ መረጃ ለመኑ። ጥቂት ቆይቶ ለብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ተከፈተላቸው፤ በዚያች ዕለት ማታ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ወንዝ ያፈለቁት ጎረቤቴ የመጨረሻ ልጃቸው ከወደቁት መካከል ነበረ። ገድሉ ይነበባል ብለን ስንጠብቅ ሰውየው ዝም አሉ፤ ባለቤታቸውም የልጁን እራት ወደ መኝታ ቤቱ ከመላክ በቀር ምንም አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ብርድ ልብስ ሊያወርድ ሲል አንድ አሮጌ ሻንጣ አብሮት ወረደ፤ ከውስጡም የአባቱ የመልቀቂያ ፈተና ምስክር ወረቀት ወጣ። በጂኦግራፊ «ኤፍ» ይላል። ያን ሁሉ አገር በእግሩ ያካለለ፣ ወንዝ የተሻገረ፣ ተራራ የወጣ ሰው በጂኦግራፊ ወድቆ መገኘቱ ልጁን ከሐዘኑ አውጥቶ በሳቅ ጣለው፤ ሳቁንም ሰምተው የመጡት አባት ወረቀቱን ባዩ ጊዜ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው አፈሩ፣ በመጨረሻም ተቀመጡ። በዚያን ሌሊት ከገድላቸው ጎድሎ የነበረውን ምዕራፍ ተረኩ፤ ውጤታቸውን ያዩ ዕለት ወደ ቤት መግባት ፈርተው በአጎታቸው ቤት ስለ ማደራቸው፣ በማግስቱ በወፍጮ ቤት ቆጣሪ ሆነው ስለ መቀጠራቸው፣ ከዓመት በኋላ እንደገና ስለ መፈተናቸው። ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ጥያቄም ጠየቀ። ባለቤታቸው ቡናውን እየቀዱ፣ አጋጣሚው እንዳያመልጣቸው ፈልገው ይመስለኛል፣ «የወንዙስ ነገር?» ቢሏቸው፣ «ምንጭ ነበረ» ብለው ተናዘዙ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ማከል ያሻል። የልጁን ችግር ሁሉ ለራሱ የሚወስድ ወላጅ የገዛ ሕይወቱን የሚኖርበት ጊዜ አይተርፈውም፤ ጎረምሳም በቤቱ ውስጥ ደስ ብሎት የሚኖር ትልቅ ሰው ካላየ፣ ትልቅ ሰው ለመሆን የሚቸኩልበት ምክንያት አይታየውም። የቅዳሜ እንጀራ ያወጁት ዘመዴ ቅዳሜያቸውን ነጻ ባወጡ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ መኪና መንዳት ሊማሩ ተመዘገቡ። ጽሑፉን በአንድ ጊዜ አለፉ፤ በተግባሩ ግን መኪና ወደ ኋላ እየነዱ በእንጨቶች መካከል ማቆም የሚሉት ነገር ጣላቸው፤ ደግመውም ጣላቸው። ሁለተኛውን ጊዜ ወድቀው በገቡበት ማታ፣ ልጃቸው የምጣዱን መሰኪያ እየነቀለ፣ «እማዬ፣ ቸኩለሻል» አላቸው፤ እንደ ባለሙያም ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ የአጎቱን መኪና አስመጥቶ፣ በግቢው ውስጥ በእንጨቶቹ ፈንታ አራት ቢጫ ጀሪካኖች አቁሞ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዳር ቆመ። የውሃ ፈረቃ የደረሰበት ቀን ስለ ነበረ ጀሪካኖቹ ሙሉ ነበሩ፤ ይህንም ሁላችን ያወቅነው የመጀመሪያው ከተገለበጠ በኋላ ነው። ልጁ ትንፍሽ አላለም፤ ባዶውን ጀሪካን አንሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ወይዘሮዋ ማርሹን አስገብተው እንደገና ወደ ኋላ ሲሉ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት አያት ከዘራቸውን አንሥተው፣ «ኧረ በሥላሴ፣ መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስገቡ!» ብለው ጮኹ።